ሙጫው ሲያሳክክ፦ በቀዶ ጥገና ሙጫ ከሚመጣ የቆዳ አለርጂ ራስን መጠበቂያ መመሪያ

እህቴ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና አድርጋ ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር። ክር የለም፣ ስቴፕል የለም፣ "ስፌት ለማውጣት ተመለሺ" የሚል ቀጠሮም የለም። ቁስሏ ላይ ያለው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ሽፋን ብቻ ነው። በ11ኛው ቀን ሌሊት እያከከች ነቃች። በማግስቱ የቁስሉ ዙሪያ ቀላ። ከዚያ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ወጡ። ያያት ሐኪም "ኢንፌክሽን ነው" ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘላት። አምስት ቀን ዋጠች፤ ማሳከኩ ባሰ። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የተጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ "የተቀባልሽ ሙጫ ስሙ ማን ነው? መቼ ተቀባ?" የሚል ነበር። ቀኑን ታውቃለች። ስሙን ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እየቆፈርኩ ያነበብኩት። ከታች ያለው ሁሉ በዚያ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። የሙጫውን ስምና ቀን የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

የቀዶ ጥገና ሙጫ ከሱፐር ግሉ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። የቤተሰቡ ስም ሳያኖአክሪሌት ይባላል። ሃሪ ኩቨር የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1942 ኢስትማን ኮዳክ ውስጥ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ፣ የነካውን ሁሉ የሚያጣብቅ ፈሳሽ አጋጠመው። አስቸገረውና ተወው። በ1951 ከባልደረባው ከፍሬድ ጆይነር ጋር እንደገና ሲያገኙት ነው ጥቅሙ የገባቸው። በ1958 ገበያ ላይ ዋለ። በቬትናም ጦርነት የቁስለኞችን ደም ለማቆም ቁስል ላይ ይረጭ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ደርማቦንድ የተባለውን የቆዳ ሙጫ የፈቀደው ግን ዘግይቶ፣ በ1998 ነው።

የቤተሰቡ ልጆች የሚለያዩት በሞለኪዩላቸው ጭራ ርዝመት ነው። ሱፐር ግሉ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ኢቲል ሳያኖአክሪሌት ነው፤ ጭራው አጭር ነው። ሐኪም ቤት የሚገኙት ቡቲል እና ኦክቲል ሳያኖአክሪሌት ጭራቸው ረዘም ይላል። ጭራው ባጠረ ቁጥር ሙጫው ቶሎ ይፈራርሳል። ሲፈራርስ ፎርማልዲሃይድ ይለቃል፤ ይህ ደግሞ ሥጋን ያስቆጣል። ለቁስል ረጅም ጭራ ያለው የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ፈሳሹ ቆዳ ላይ ያለችውን ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ወዲያው መጠጠር ይጀምራል። ሲጠጥር ይሞቃል፤ ሲቀቡት ሞቅ ያለ ስሜት የሚሰማው ለዚህ ነው። የደረቀው ፕላስቲክ ራሱ ብዙም ጠብ አይፈልግም። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ገና ያልጠጠረው ፈሳሽ ነው። ድሮ "በሰከንዶች ውስጥ ከላይኛው ቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ወደ ውስጥ አይገባም፣ አለርጂም አያመጣም" ይባል ነበር። ታካሚዎች እያከኩ መምጣት ሲጀምሩ ይህ አባባል ቀረ። አብዛኛው ሰው ላይ ዛሬም ምንም አያመጣም። የምንነጋገረው ስለ ጥቂቶቹ ነው።

1. ከቀጠሮው በፊት፦ ከዚህ ቀደም ምን እንደነካችሁ አስታውሱ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሰውነት አንድን ኬሚካል አንዴ "ጠላት" ብሎ ከመዘገበው አይረሳውም። የተመዘገበው ደግሞ ሐኪም ቤት ላይሆን ይችላል። ቁጭ ብላችሁ እነዚህን አስቡ።

አርቴፊሻል ጥፍር አስለጥፋችሁ ጣታችሁ ዙሪያ ወይም ዓይን ቆባችሁ ላይ አሳክኳችሁ ያውቃል? ዓይን ቆቡ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ጥፍር የነካው እጅ ፊት ይነካል፤ ቆቡ ደግሞ ስስ ስለሆነ ከጣቱ ቀድሞ ይቆጣል። ሽፋሽፍት አስቀጥላችሁስ ዓይናችሁ አብጦ ነበር? ሱፐር ግሉ እጃችሁን ነክቶ ሽፍታ አውጥቶባችሁ ያውቃል? ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ወይም የኢንሱሊን ፓምፕ ፕላስተር ቆዳችሁን አቃጥሎት ያውቃል? ከዚህ ቀደም በነበረ ቀዶ ጥገና "ቁስሉ ትንሽ ተቆጥቶ ነበር" ተብላችሁስ? ጥፍር ሠሪ፣ የጥርስ ቴክኒሻን ወይም የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ከሆናችሁ ሥራችሁ ራሱ መልስ ነው።

አንዱ እንኳ "አዎ" ከሆነ ቀዶ ጥገና ለሚያደርግላችሁ ሐኪም ተናገሩ። "አለርጂ አለብኝ" ብቻ አትበሉ። ይህ ብቻ ከሆነ "ለፔኒሲሊን ነው?" ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ በሉ፦ "ዶክተር፣ የጥፍር ሙጫ አሳክኮኝ ያውቃል። ቁስሉ የሚዘጋው በሙጫ ነው? በክር ማድረግ ይቻላል?" አጭርና ግልጽ ነው፤ ለመመለስም አይከብድም።

የምርቶቹ መመሪያ ራሱ ለሳያኖአክሪሌት ወይም ለፎርማልዲሃይድ አለርጂ ያለበት ሰው ላይ እንዳይቀቡ ይከለክላል። መረብ የመሰለ ጨርቅ ተለጥፎ ሙጫው ከላይ የሚቀባበት ዓይነትም አለ። እሱ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ሊኖረው ስለሚችል ለዚያም የተቆጣ ሰው ይጠንቀቅ።

አማራጩ ክር፣ ስቴፕል ወይም ቀጫጭን የቁስል መያዣ ፕላስተር ነው። ፕላስተሩን ግን እንደ ንጹሕ መልአክ አትዩት። እንዲይዝ ተብሎ ከሥሩ የሚቀባው ቤንዞይን ቲንክቸር ራሱ የታወቀ የአለርጂ መነሻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። "ልሞክረው" ብላችሁ ሱፐር ግሉ ክንዳችሁ ላይ አትቀቡ። አለርጂ ከሌለባችሁ እንኳ አዲስ መጀመር ትችላላችሁ።

2. በቀዶ ጥገናው ቀን፦ ስሙን ያዙ

ከመውጣታችሁ በፊት ነርሷን "የተቀባልኝ ሙጫ ስሙ ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ማሸጊያው ካልተጣለ ፎቶ አንሱት። ቆዳችሁ በምን እንደታጠበም ጠይቁ፤ ክሎርሄክሲዲን ነው ወይስ አዮዲን? ሽፍታ ቢወጣ ተጠርጣሪው ሙጫው ብቻ አይደለም። የቆዳ ማጽጃውም፣ ፕላስተሩም፣ በኋላ የተቀባው ቅባትም ወረፋ ይይዛሉ።

በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፤ የሙጫው ስም፣ የማጽጃው ስም፣ ቀኑ። ቤት ስትደርሱ ቁስሉን በደህና ብርሃን ፎቶ አንሱ። በኋላ "ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?" ብላችሁ ስትጠራጠሩ የሚዳኛችሁ ያ ፎቶ ነው።

3. ቤት ውስጥ፦ ቀን ቁጠሩ

ሙጫው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ እየተላጠ ይወድቃል። እስከዚያ አጭር ሻወር ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ሐኪማችሁ ከልክሎ ከሆነ የእሱን ስሙ። ከሻወር በኋላ ፎጣውን ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁ፣ አትሹት። ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍና ዋና አይሆንም። ጠርዙ ሲነሳ ደግሞ እጅ አይመለስም፤ አውቃለሁ። ግን አትላጡት።

ቫዝሊንም ሆነ ሌላ ቅባት ሙጫው ላይ አትቀቡ፤ ቅባት ሙጫውን ያለሰልሰዋል። ፋርማሲ የሚሸጡ የአንቲባዮቲክ ቅባቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ኒዮማይሲን እና ባሲትራሲን የያዙት ራሳቸው የታወቁ የቆዳ አለርጂ አምጪዎች ናቸው። አንዱን ችግር ለማዳን ሁለተኛ መጨመር ይሆናል።

አሁን ወደ ቀኑ ቆጠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙጫ የተቀባ ሰው አለርጂው ወዲያው አይመጣበትም። ሰውነቱ ኬሚካሉን እስኪተዋወቅ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሌላ መንገድ አስቀድሞ የተዋወቀ ሰው ላይ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። የሚያሳስተው የመጀመሪያው ነው። ሙጫው ሊወድቅ ሲል ወይም ከወደቀ በኋላ ስለሚመጣ ማንም ሙጫውን አይጠረጥርም። "ትናንት የበላሁት ነው"፣ "አዲሱ ሳሙና ነው" ይባላል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በየቀኑ አንዴ ቁስሉን እዩት።

4. ሲያሳክክ፦ ምን እንደሆነ ለዩ

እህቴ የተሳሳተችው፣ ሐኪሟም አብሮ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቀላ ቁስል ሁሉ ኢንፌክሽን ይመስላል። ጥቂት ምልክቶች ግን ይለያዩታል።

አለርጂ ከምንም በፊት ያሳክካል። ከሕመሙ ይልቅ ማሳከኩ ይበልጣል። ቅላቱ ሙጫው የተቀባበትን ቅርጽ ይይዛል፤ በማስመሪያ የተሰመረ እስኪመስል ቀጥ ያለ ጠርዝ ይኖረዋል። ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ይወጣሉ፣ ሲፈርጡ ጥርት ያለ ወይም ቢጫ ውሃ ይወርዳል፣ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። እያደር ከቅርጹ አልፎ ሊሰፋ ይችላል። ያልተነካ ሩቅ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ክንድ ላይ፣ ሽፍታ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ቀይ ላይመስል ይችላል፤ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁም ዳሱት፤ ሻካራና ያበጠ ነው?

ኢንፌክሽን ይጠዘጥዛል። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል። ቦታው ይግላል፣ መግል ይወጣል፣ ሊሸት ይችላል፣ ቁስሉ ሊከፈት ይችላል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ሦስተኛም አለ፤ ተራ መቆጣት። ይህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወይም ቀናት የሚመጣ ማቃጠል ነው። ከሙጫው ጠርዝ አያልፍም፣ እየቀነሰም ይሄዳል። ሙጫው ወፍራም ሆኖ ሲቀባ ሙቀቱ ስለሚበዛ ይህ ይብሳል።

አለርጂና ኢንፌክሽን አብረው የሚመጡበት ጊዜ አለ። በአለርጂ የተላጠና የታከከ ቆዳ ለጀርም በር ይከፍታል። ስለዚህ "አለርጂ ነው" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፤ የምትለዩት ለሐኪሙ በደንብ ለመንገር ነው።

እና አንድ አስቸኳይ ነገር፦ ሰውነት ሁሉ እንደ ንብ ንድፊያ ካበጠ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ከከበደ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከሙጫ ይህ ብርቅ ነው፤ ክሎርሄክሲዲን ግን እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል የታወቀ ነው።

5. አለርጂ ከመሰለ፦ ሙጫው ይነሳ፣ ግን በእናንተ እጅ አይደለም

ቀዶ ጥገናውን ላደረገላችሁ ቡድን ደውሉ። ፎቶ ላኩ። ስሙንና ቀኑን ንገሯቸው፤ "ሐሙስ ኦክቲል ሳያኖአክሪሌት ተቀባልኝ፣ ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ያሳክከኛል" ማለት ከአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ይሻላል።

የሕክምናው ዋና ነገር የቀረውን ሙጫ ማንሳት ነው። አለርጂ አምጪው እዚያው ተለጥፎ ቅባት ብቻ መቀባት፣ እሳቱን ሳያጠፉ ጭሱን እንደማራገብ ነው። ባለሙያው በቅባት አለስልሶ ቀስ ብሎ ያነሳዋል። አሴቶን ሙጫን ይፈታል፤ ነገር ግን ያልዳነ ቁስል ላይ አሴቶን የሚያፈስ ሰው አይኑር። ቁስሉ ገና ለጋ ከሆነ ሙጫው ሲነሳ ሊከፈት ስለሚችል ሌላ መያዣ ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ አትንኩት የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ጠንከር ያለ የስቴሮይድ ቅባት ያዛል፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ዓይነት። የሚቀባው የተቆጣው ቆዳ ላይ እንጂ ክፍት ቁስል ውስጥ አይደለም። ሽፍታው ሰፊ ከሆነ የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን ለጥቂት ቀናት ሊጨመር ይችላል። ቁስል እየዳነ ስለሆነ መጠኑንና ቀኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሴትሪዚንን የመሰሉ የማሳከክ ክኒኖች ሌሊት ለማሳለፍ ይረዳሉ፣ ሽፍታውን ራሱን ግን ብዙም አያጠፉትም። በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ እርጥብ መያዣ ማድረግ የሚያረጋጋ ነው። ብዙዎች በአንድ ሁለት ሳምንት ይሻላቸዋል።

የጠቆረ ምልክት ቦታው ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ ይታያል። አትፈትጉት፣ ማንጫ ክሬም አትቀቡት፣ ከፀሐይ ሸፍኑት። ጊዜ ይሰጠው።

6. ከዳናችሁ በኋላ፦ ተመርመሩ

እውነተኛው መልስ የሚገኘው ፓች ቴስት ከሚባለው ምርመራ ነው። የተጠረጠሩት ኬሚካሎች ጥቂት ጥቂት ተደርገው ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ። ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሳና ይታያል፣ በ4ኛው ቀን አካባቢ እንደገና ይታያል። አንዳንድ ሐኪም በ7ኛው ቀንም ይደግማል፤ ዘግይቶ የሚመጣ አለ። በነዚያ ቀናት ጀርባችሁን አትታጠቡም፣ አታልቡም። ትንሽ ይሰለቻል።

የስቴሮይድ ክኒን እየወሰዳችሁ ወይም ጀርባችሁ ላይ ስቴሮይድ እየቀባችሁ ከሆነ ምርመራው እውነቱን ሊደብቅ ይችላል፣ ለሐኪሙ ተናገሩ። የማሳከክ ክኒን ግን ችግር የለውም። የያዛችሁትን የሙጫ ስም እዚህ ታወጡታላችሁ። የተለመደው የምርመራ ስብስብ ውስጥ የእናንተ ሙጫ ላይኖር ይችላል፤ ስሙን ያወቀ ሐኪም ግን ራሱን ሙጫውን ወይም የቅርብ ዘመዱን ይጨምርላችኋል። የእህቴ የዘገየው በዚህ ነበር።

7. "አዎ፣ አለርጂ ነው" ከተባላችሁ

በሕክምና ካርዳችሁ ላይ "ለሳያኖአክሪሌት አለርጂ" ተብሎ በስሙ ይጻፍ። "ለፕላስተር አለርጂ" ተብሎ ከተጻፈ አስተካክሉ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ከዚያ ቤታችሁን ተመልከቱ። ሱፐር ግሉ፣ የጥፍር ሙጫ፣ የሽፋሽፍት ሙጫ፤ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። ጄል ጥፍርና የጥርስ ሙሊት የሚሠሩበት ሜታክሪሌት፣ አንዳንድ የስኳር መለኪያ ፕላስተሮች ላይ የተገኘው አይሶቦርኒል አክሪሌት ደግሞ የሩቅ ዘመድ ናቸው። ለአንዱ የተቆጣ ለሌላው የግድ ይቆጣል ማለት አይደለም፤ በምርመራ ይለያል። እስከዚያ ለጥርስ ሐኪማችሁ መንገር አይከፋም። ወደፊት የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ የምትቀይሩ ከሆነም ንገሩ፤ የአጥንት ሲሚንቶ የሚሠራው ከሜቲል ሜታክሪሌት ነው።

8. ሙጫውን ለምትቀቡት ባለሙያዎች

እናንተ በዓመት የምትነኩት ታካሚው በሕይወቱ ከሚነካው ይበልጣል። ትነቱ ዓይንና ጉሮሮ ያስቆጣል፣ ሥራ ላይ አስም ያመጣበትም ሰው አለ። አየር የሚንቀሳቀስበት ክፍል ይሁን፤ አጎንብሳችሁ አትቅቡ። ጓንት ፍጹም ግድግዳ አይደለም። አክሪሌት ቀጭን ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ናይትራይል ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ሙጫ ከነካው ወዲያው ይቀየር።

በስስ ደረጃ ቅቡ፣ የቁስሉን ከንፈሮች ገጥማችሁ ከላይ ብቻ። ወደ ውስጥ የገባ ሙጫ ቁስሉን ያውካል። ከጥጥ ጋር ደግሞ ተጠንቀቁ። ሳያኖአክሪሌት ብዙ ሆኖ ጥጥ ላይ ሲፈስ እስከማቃጠል ድረስ ይሞቃል። ዓይን አጠገብ ስትሠሩ ፈሳሹ ወደ ዓይን እንዳይወርድ ጭንቅላቱን አዘንብሉ፣ ዓይኑንም ሸፍኑ። ቆቡ ከተጣበቀ አትጎትቱ፤ የዓይን ቅባት አድርጋችሁ ለዓይን ሐኪም አሳዩት።

በመጨረሻ የመውጫ ወረቀቱን ስትሞሉ "ቁስሉ ተዘግቷል" ብላችሁ አትለፉ። በምን እንደተዘጋ፣ የምርቱን ስም ጨምራችሁ ጻፉ። የእህቴ ወረቀት ላይ ለእሱ የሚሆን ባዶ ቦታ ነበር።